እናቶቻችንን ዱሉዝ እንውሰዳቸው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

እናቴ ሚኒሶታ የመጣች ዓመት የበረዶውን ወራት በሙሉ ከአፓርታማችን መስኮት ሥር ተቀምጣ ነው ያሳለፈችው። ከሥራ ስገባ «ዛሬስ ምን አየሽ፣ እማዬ?» እላታለሁ። «ምን አለና አያለሁ?» ትለኛለች። ጣና ዳር ያደገች ሴት ናት፤ ውሃ ናፍቋት ነበር። ብርዱ ሲለዝብ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቼ ዱሉዝ ወሰድኋት።

ከተማዋ የሱፔሪየር ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ናት። ወደቡ አፍ ላይ 90 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ አለ። መርከብ ሲመጣ የቦዩ ድልድይ ከነአስፋልቱ ሽቅብ ይነሣል። ሐይቁ ላይ መጀመሪያ የታየችን ጥቁር ነጥብ ነበረች። ቀስ እያለች አደገች፣ አደገች፣ በመጨረሻ ሰማዩን ጋረደችው። ከእነዚህ መርከቦች ትልቁ፣ ፖል ትሪገርታ፣ 309 ሜትር ይረዝማል። እናቴ «የእኛ ታንኳ እንኳ እንጨት ሲበዛበት ያዘነብላል፤ ይህን ሁሉ ብረት ምን ተሸከመው?» አለች።

ከዚያ መርከቧ ጡሩምባዋን ነፋች፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ድልድዩም በዚያው ልክ መለሰ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንደ ሰው ሰላም ተባባሉ እኮ!» አለች። ያን ፊቷን ከመጣች ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር።

ጭነቱ በብዛት የብረት ማዕድን ነው። ትልልቆቹ በአንድ ጉዞ ከ60 ሺህ ቶን በላይ ይይዛሉ። ከጅቡቲ 400 ኩንታል ይዞ የሚመጣውን ተሳቢ የምታውቁ ሾፌሮች አስቡት፤ 1,500 ተሳቢ በአንድ መርከብ!

ሥራው ግን አደጋ አለው። ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የተባለችው መርከብ ከዱሉዝ ጎረቤት፣ ከሱፔሪየር ከተማ፣ ማዕድን ጭና የወጣችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1975 ነበር። በማግሥቱ ማዕበል አሰጠማት፤ ከ29ኙ ሠራተኞች አንድም አልተረፈም። ይህን ስነግራት እናቴ «ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ ወዲህ ለሚወጣው መርከብ ሁሉ «በሰላም ግቡ» ትላለች፤ ካፒቴኑ ባይሰማትም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፤ የዘንድሮው የማኅበራችን ሽርሽር ዱሉዝ ይሁን። መርከቦቹ ከሱፔሪየር ወደ ሌሎቹ ሐይቆች የሚያልፉባቸው፣ ሱ ሎክስ የሚባሉት የመርከብ ማሳለፊያዎች ከጃንዋሪ 15 እስከ ማርች 25 ስለሚዘጉ፣ ሞቅ ያለውን ወር እንምረጥ። የሐይቁ ነፋስ በበጋም ይበርዳል፤ ጋቢ አይረሳ። መርከብ ሊዘገይ ስለሚችል ቡናውን በፔርሙስ እንያዝ። የአውቶቡሱ መመዝገቢያ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ የእናቴ ስም አንደኛው መስመር ላይ ነው።