ሁለት ዓይነት ሐዲድ ባለበት ከተማ፦ ስለ ዲጂታል ጤና አጋርነት በድሬዳዋ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጣችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ሶፍትዌር የምትሠሩ ወጣቶችና አጋር ድርጅቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በዚህች ከተማ ሁለት ዓይነት የባቡር ሐዲድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር። ሁለቱም የተዘረጉት ወደ ጅቡቲ ነው። የአንዱ ፉርጎ ግን በሌላው ላይ አይሄድም። ያገደው 43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው።

የጤና መረጃችንም በዚሁ መንገድ እንዳይዘረጋ እሰጋለሁ። አንዱ አጋር ለእናቶች ክትትል፣ ሌላው ለቲቢ፣ ሦስተኛው ለመድኃኒት ክምችት የየራሱን ፕሮግራም ይዞ ይመጣል። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ጥሩ ናቸው። ሳቢያን ሆስፒታል እርግዝናዋን ስትከታተል የቆየች እናት ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሪፈር ስትባል ግን፣ ሥርዓቶቹ ካልተናበቡ የደም ግፊቷ ታሪክ አብሯት አይሄድም። እናትየዋ በምጥ ላይ ሆና ስንት እንደነበረ እንድታስታውስ መጠየቅ ደግሞ ግፍ ነው።

መናበብ የሚጀምረው ከካርድ ክፍል ነው። መሐመድ የሚለውን ስም ውሰዱ። በላቲን ፊደል አንዱ ካርድ አውጪ በኦ፣ ሌላው በዩ፣ ሦስተኛው በኤ ይጽፈዋል። በራሳችን ፊደልም በሐመሩ ሐ የሚጽፈው አለ፣ በሃሌታው ሀ የሚጽፈው አለ። ታካሚው ዕድሜውን በግምት “ሠላሳ” ይላል። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው ሦስት ካርድ ይወጣለታል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ሐኪሙ የሚያየው ግን ሦስተኛውን ነው። መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አዲስ ካርድ ከመከፈቱ በፊት ፕሮግራሙ በስልክ ቁጥር፣ በእናት ስምና ካለው በፋይዳ (በብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር እንዲፈልግ ማስገደድ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ፊደል እንዲቆጥር ማድረግ፣ የተደገሙ ካርዶችን በየሳምንቱ የሚያዋህድ አንድ ሰው በስሙ መመደብ። ፋይዳ የሌለው ሰው ግን ከመዝገብ እንዳይቀር፤ ቁጥሩ ለመፈለጊያ ይርዳ እንጂ የመግቢያ ቲኬት አይሁን።

ፕሮግራሙ ከውጭ የመጣ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ጳጉሜን 3 የተወለደ ሕፃን መዝግቡበት። ካልተቀበለ ወይም ቀኑን ወደ መስከረም ከገፋው፣ ዓመቱን 12 ወር ብቻ አድርጎ እየቆጠረ ነው ማለት ነው። የወር ሪፖርታችንም ከወሩ 21 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ወር 20 እንደሚሰበሰብ ለሠሪው ንገሩት። ይህ ሳይታወቅ የተሠራ ፕሮግራም የጤና ተቋማት ሪፖርት ከሚገባበት ሥርዓት፣ ከዲኤችአይኤስ 2 ጋር መቼም አይገጥምም፤ ስህተቱም የሚመጣው ጤና ጣቢያዋ ላይ ተላክኮ ነው።

ጊዜንም አስሉ። በአንድ ታካሚ ላይ 3 ደቂቃ ብትጨምሩ፣ በቀን 200 ሰው በሚያስተናግድ ካርድ ክፍል 600 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሰዓት ይሆናል። የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ቀን አይበቃውም። ታብሌት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀረው ባለሙያው ሰንፎ አይደለም፤ ያንኑ ነገር በመዝገብም በታብሌትም ጻፍ ስለተባለ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚቆምበት ቀን ከመጀመሪያው በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። በአንድ ጤና ጣቢያ ለአራት ሳምንት ጎን ለጎን ይሠራ፤ ከዚያ 12 የሪፖርት ቁጥሮችን በዕጣ አውጥቶ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው። ይህን ዘዴ ባለሙያዎቻችን ያውቁታል። ከገጠመ ወረቀቱ ይቁም፤ ካልገጠመ ወደ ሁለተኛ ጤና ጣቢያ አይታለፍ።

ድሬዳዋ ሞቃት ናት። የሊቲየም ባትሪ በደንብ የሚሞላው ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት ላይ የተሰካ ታብሌት ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ “አይሞላም” ስትል መጀመሪያ የተሰካበትን ቦታ እዩ።

አሁን ወደ ፊርማው። የመግባቢያ ሰነዶቻችን ስለ ምረቃው ቀን ብዙ ይላሉ፤ ስለ ብልሽቱ ቀን ግን ዝም ይላሉ። የሲም ካርዱን የዳታ ክፍያ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ማን ይከፍላል? ሰርቨሩ አርብ ማታ ቢቆም ስልክ የሚያነሳው ማን ነው፣ በስንት ሰዓት ውስጥ? አጋሩ ሲወጣ መረጃውን በምን ዓይነት ፋይል፣ በስንት ቀን ውስጥ ለጤና ቢሮው ያስረክባል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰነድ መፈረም የለበትም፤ የቱንም ያህል ዕቃ ይዞ ቢመጣ። የታካሚ መረጃም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጠበቅ ነው። አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ነርስ መስጠት ሥራ ያቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን ማን ምን እንደከፈተ ማወቅ አይቻልም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሊረዱን ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 እዚህ ከተማ የወባ ወረርሽኝ የተነሳው በደረቁ ወራት ነው። ያዛመተችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ቤታችን ባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። እንዲህ ዓይነቱን በሽታ ለመከታተል አድራሻው “ድሬዳዋ” ተብሎ የተመዘገበ ታካሚ ምንም አይጠቅመንም። ቀበሌውና ሠፈሩ ሊጻፍ ይገባል። ያኔ ትኩሳት የበዛበት ሠፈር በሳምንቱ ውስጥ ይለያል፤ በርሜል የሚከድን፣ ታንከር የሚፈትሽ ቡድንም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ከምሳ በኋላ የሁለቱ ከተሞች ካርድ አውጪዎች፣ አዋላጆችና ፕሮግራም ሠሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። የሚሠሩት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፦ የእናቶች ሪፈር። ስም በየትኛው ፊደል፣ ስልክ፣ የመጨረሻው የወር አበባ ቀን በየትኛው አቆጣጠር፣ የደም ግፊት ከነቀኑ፣ የደም ዓይነት፣ የማይስማማ መድኃኒት፣ የተሰጠ ሕክምና፣ የላከው ባለሙያ ስልክ። እነዚህን ስምንት መስመሮች ድሬዳዋና ሐረር በአንድ ዓይነት ከጻፏቸው፣ የሚቀጥለው አጋር ሲመጣ ፕሮግራሙን በዚያ ልክ ይሠራል።

አመሰግናለሁ።