ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ሲሆን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከክፍለ ሀገር ለመጣችሁ ደግሞ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቆማችሁ ያላችሁ፣ ከፊት በኩል ወንበር አለ። ግቡ፣ አትፈሩ።

የዓመቱን የሥራ ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባሉ፤ ሒሳቡን ኦዲተሩ። እነሱ የሚሉትን ቀድሜ ተናግሬ ጊዜያችሁን አልሻማም። ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ላውራ። ዘንድሮ ከአባላት በብዛት የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ የኢንተርኔት መስመር የዘረጋ ድርጅት አክሲዮን ሲሸጥ ማኅበሩ ይግባ ወይስ ይቅር?

ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ መልሱንም ይዘው ነው የሚመጡት። "ኢንተርኔት የማይፈልግ ሰው የለም። ኬብሉ የእነሱ ነው። ታዲያ ምን ያከስራቸዋል?" ይሉኛል። ግማሹ ልክ ነው። መንገድ ቆፍሮ፣ ቱቦ ቀብሮ፣ ፋይበር እስከ ሳሎን የሚያስገባ ድርጅት ከባዱን ወጪ የሚያወጣው መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ደንበኛ ቢጨመር ያን ያህል አይጎዳውም። ለዚህ ነው በአንድ ሰፈር ሁለተኛ ኬብል መቅበር ብዙ ጊዜ የማያዋጣው። የቀደመው ብቻውን ይቀራል። ብቻውን የቀረ ነጋዴ ደግሞ ዋጋ መቆለሉ አይቀርም። ይህን የሚያውቅ መንግሥት ተቆጣጣሪ ያስቀምጥበታል። የእናንተ አክሲዮን እንግዲህ ቤቱ የራስ ሆኖ፣ ኪራዩን ግን ሌላ ሰው እንደሚተምነው ቤት ነው።

ይህ ነገር ቁልጭ ብሎ የታየው ኒውዚላንድ ውስጥ ነው። ሩቅ አገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ትምህርቱ ለእኛ በነፃ ነው፤ የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ድርጅቱ ኮረስ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የኒውዚላንዱን ዓመት ሁሉ የምጠራው በእነሱ አቆጣጠር ነው። መንግሥት ፋይበር በየቤቱ ላዳርስ ብሎ ሲነሳ ነባሩ ቴሌኮም ኒውዚላንድ ለሁለት ተከፈለ። ኔትወርኩ ለኮረስ ደረሰ። ለደንበኛ የሚሸጠው ክፍል ለብቻው ወጣ፤ ዛሬ ስፓርክ ይባላል። ኮረስ ለቤተሰብ በቀጥታ ኢንተርኔት እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክለዋል። መስመሩን ለስፓርክና ለተወዳዳሪዎቹ በጅምላ ያከራያል። ለደንበኛው ቢል የሚልኩት እነሱ ናቸው።

በዚያን ጊዜ የኮረስ ዋና ገቢ ከድሮው የመዳብ መስመር ነበር። በመዳቡ ላይ ለሚሰጠው የብሮድባንድ አገልግሎት በአንድ መስመር በወር 21.46 የኒውዚላንድ ዶላር ያስከፍል ነበር። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን የሌሎች አገሮችን ዋጋ አነጻጽሮ፣ በ2013 መገባደጃ ላይ ይህን ዋጋ ወደ 10.92 አወረደው። ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ደንበኛ አልሸሸም። ኬብል አልተበጠሰም። ሥራ አስኪያጁም ገንዘብ አላጎደለም። ከዓመት ከምናምን በፊት ከ3 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አክሲዮን ወደ አንድ ዶላር ተኩል ገደማ ወረደ። በ2014 የትርፍ ክፍፍሉም ቆመ። መንግሥት ራሱ በሕግ ጣልቃ ልግባ ብሎ ነበር፤ ፓርላማ ውስጥ ድምፅ የሚያዋጣለት አጋር አጣ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በ2015 መጨረሻ ኮሚሽኑ በሌላ ስሌት ሠርቶ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ከለሰው። በ2016 የትርፍ ክፍፍሉ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ ያው አክሲዮን ከ7 ዶላር በላይ ወጣ። በ2013 ደንግጦ የሸጠ ሰው ዛሬም የሚቆጨው ይመስለኛል። ግን አትፍረዱበት። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ከትርፍ ክፍፍሉ ሊከፍል ያሰበ ሰው ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይችልም።

ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። አሁን ኮሚሽኑ የሚወስነው ድርጅቱ ከፋይበር በዓመት ሊሰበስብ የሚችለውን የገቢ ጣሪያ ነው። መጀመሪያ የኔትወርኩን ዋጋ ይተምናል። ሲጀመር የኮረስ 5.4 ቢሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ገደማ ተተምኗል። ቀጥሎ ለባለሀብቱ ተገቢ ነው የሚለውን ትርፍ በመቶኛ ያስቀምጣል። የእርጅና ቅናሹን፣ ማለትም ኔትወርኩ እያረጀ ሲሄድ በየዓመቱ ከዋጋው የሚቀነሰውን፣ የሥራ ማስኬጃውንና ግብሩን ይደምርበታል። ድምሩ ጣሪያው ነው።

በብር ላሳያችሁ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። ኔትወርኩ 1 ቢሊዮን ብር ተተመነ እንበል። የተፈቀደው ትርፍ 8 በመቶ ከሆነ 80 ሚሊዮን ነው። ኬብሉ 20 ዓመት ያገለግላል ቢባል የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 50 ሚሊዮን ይሆናል። ለደመወዝ፣ ለጥገናና ለመብራት 40 ሚሊዮን ጨምሩ። ግብሩን ለጊዜው እንተወው። ጣሪያው 170 ሚሊዮን ነው። አሁን ኮሚሽኑ 8 በመቶውን ወደ 7 ቢያወርደው 10 ሚሊዮን ብር ይጠፋል። የሚጠፋው ደግሞ ከባለአክሲዮኑ ድርሻ ነው። ሠራተኛው ደመወዙን ያገኛል፣ ባንኩም ወለዱን ይወስዳል። በአንጻሩ ሥራ አስኪያጁ ጎበዝ ሆኖ በ40 ፋንታ በ35 ሚሊዮን ካስኬደው፣ የተረፈው ለእናንተ ነው። ቢያንስ እስከሚቀጥለው ስሌት ድረስ።

ስሌቱ የሚታደሰው በየዘመኑ ነው። የኮረስ የመጀመሪያው ዘመን ከ2022 እስከ 2024 ነበር፤ ሁለተኛው ከ2025 እስከ 2028 ነው። አንድ ዓመት ገቢው ከጣሪያው በታች ከሆነ የጎደለው ወደፊት ይካካሳል። ይህ ጥሩ ትራስ ነው። ሆኖም ሰዉ ፋይበሩን ነቅሎ ወደ ሽቦ አልባ ወይም ወደ ሳተላይት ኢንተርኔት ከሄደ የተፈቀደው ገቢ ወረቀት ላይ ይቀራል። ከማን ይሰበሰባል?

እሺ፣ ወደ ቤታችን እንግባ። የኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ተጀመረ። የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፤ የድርጅቱ 10 በመቶ። አንዱ 300 ብር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ትልቁ 3,333 አክሲዮን። ሁሉም በቴሌብር። ለታኅሣሥ 25 ተይዞ የነበረው ቀነ ገደብ ወደ የካቲት 7 ተራዘመ። በመጨረሻ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር መሆኑ ነው። ለሽያጭ ከቀረበው አንድ አሥረኛው ብቻ ሄደ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም የገዛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በስልክ መግዛቱ ቀላል ነበር። የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን፣ ማለትም ድርጅቱ አክሲዮን ሲሸጥ ስለ ራሱ የሚያወጣውን ሰነድ፣ እስከ መጨረሻው ያነበባችሁ እጅ አውጡ ብል ግን ስንት እጅ እንደማይ እንጃ።

ኢትዮ ቴሌኮምን ከኮረስ ጋር አታምታቱት። ኮረስ በጅምላ ብቻ ይሸጣል። ኢትዮ ቴሌኮም እስከ ችርቻሮ ይወርዳል፤ ሞባይል አለው፣ ቴሌብር አለው። እንደ ኮረስ ያለ የገቢ ጣሪያ አልተበጀለትም። ገቢው በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 162 ቢሊዮን ወጣ። ያስደንቃል። ግን በብር ብቻ አይታችሁ አታጨብጭቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቋል፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አንቴናውም ሰርቨሩም የሚገዛው በዶላር ነው። ካርድ የሚሞላው ደንበኛ የሚከፍለው ብር ነው።

ተቆጣጣሪውስ? በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገብቷል። የራሱን ማማ ይተክላል፣ የኢትዮ ቴሌኮምንም ይከራያል። የማማው ኪራይ ስንት ይሁን? ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ሲደወል ማን ለማን ስንት ይክፈል? ባለሥልጣኑ በእነዚህ ላይ የሚያወጣው መመሪያ ከማስታወቂያው ሁሉ በላይ ትርፋችሁን ይነካል። ሌላም አለ። ከ98 በመቶ በላይ የሆነው የድርጅቱ ድርሻ አሁንም የመንግሥት ነው። ባለሥልጣኑንም ያቋቋመው መንግሥት ነው። ይህን እንደ ስጋት የሚያየው አለ፣ እንደ ዋስትና የሚያየውም አለ። እኔ በበኩሌ እንደ ስጋት እቆጥረዋለሁ፤ የቦርዱ አባላት በሙሉ ግን አይስማሙኝም። በሻይ ሰዓት ያዟቸው።

ስለዚህ ቦርዱ ይህን ሐሳብ አቅርቧል። ማኅበሩ በማንኛውም አንድ የኔትወርክ ድርጅት ላይ ከካፒታሉ ከ10 በመቶ በላይ አያውልም። ከመግዛቱ በፊት የጥናት ቡድኑ የተቆጣጣሪውን መመሪያዎች አንብቦ በሁለት ገጽ ጨምቆ ለአባላት ይበትናል። አክሲዮኑ የት እንደሚሸጥና በስንት ጊዜ ወደ ጥሬ ገንዘብ እንደሚቀየርም እዚያው ላይ ይጻፋል። ከማኅበሩ ተበድሮ ለግሉ አክሲዮን መግዛት ለሚፈልግ አባል ግን ብድር አይፈቀድም። ይህ የመጨረሻው እንደሚያከራክር ስለማውቅ ለውይይት ሰፊ ሰዓት ይዘንለታል።

ሐሳቡ አጀንዳ 4 ላይ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ስለሆነ ካርዳችሁን እንዳትጥሉ። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።