የጥርስ ብሩሹን ትተን ኦፔራውን እንስማ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎችና የሙዚቃ ወዳጆች፤

በሴቶች ቀን ስለ እንግሊዛዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ስለ ኤተል ስማይዝ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ሴትዮዋ ለእኛ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ካረፈችው ከሲልቪያ ፓንክረስት እናት ከኤመሊን ጋር የልብ ወዳጅ ነበረች።

ስለ ስማይዝ የሰማ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል መስኮት ሰብራ ሆሎዌይ እስር ቤት ገባች፤ ታሳሪዎቹ በግቢው እየዞሩ እርሷ የደረሰችውን «የሴቶች ማርሽ» ሲዘምሩ፣ በመስኮት ብቅ ብላ በጥርስ ብሩሽ መራቻቸው ይባላል። እኔም ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። በእጃችሁ ያለው የዛሬው ፕሮግራምም ማርሹን ይዟል፤ ኦፔራዋን ግን አልያዘም። ቅሬታዬ ይኸው ነው።

«መርከብ ሰባሪዎቹ» ባለ ሦስት ገቢር ኦፔራ ነው። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል የባሕር ዳርቻ ችግር የጠናባቸው መንደርተኞች መርከቦችን እያሳሳቱ ከዐለት ጋር ያላትማሉ፤ ጭነቱንም ይዘርፋሉ፤ ሰባኪያቸውም የእግዚአብሔር ሲሳይ ነው ይላቸዋል። የሰባኪው ሚስት ቲርዛና ፍቅረኛዋ ማርክ በስውር እሳት እያነደዱ መርከቦቹን ያስጠነቅቃሉ፤ ሲያዙም ባሕሩ ሲሞላ በሚሰጥም ዋሻ ውስጥ እንዲሞቱ ይፈረድባቸዋል። ወደ ጸሎት የሚሄደውም፣ ለዘረፋ የሚወርደውም፣ የሚፈርደውም ያው ኅብረ ዝማሬ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም እርሱ ነው።

ግጥሙን ሄንሪ ብሩስተር የጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር፤ መድረክ የተገኘው ግን በጀርመን አገር ሆነና እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1906 በላይፕዚግ ከተማ በጀርመንኛ ታየ። ታዳሚው በጭብጨባ ተቀበለው። የኦርኬስትራው መሪ ግን ሦስተኛውን ገቢር ክፉኛ ቆራርጦት ነበር። ስማይዝ የተቆረጠው እንዲመለስ ጠየቀች፤ እምቢ አላት። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ደጋግሜ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ፦ ወደ ኦርኬስትራው ጉድጓድ ወረደች፤ ከየመቆሚያው የእያንዳንዱን ሙዚቀኛ ኖታ ለቀመች፤ የመሪውንም ሙሉ ኖታ ጨመረችና ተሸክማ በባቡር ወደ ፕራግ ሄደች። የቴአትር ቤቱ ሰዎች በነጋታው ባዶ መቆሚያ አገኙ። በፕራግ ደግሞ ልምምዱ በቂ ስላልነበረ ትርኢቱ ሳይሳካ ቀረ። ድርጊቷ ዋጋ አስከፍሏታል፤ እኔ ግን አልፈርድባትም።

ሰዎች «ተረሳ» ሲሉ እሰማለሁ። ምን ተሰማና ነው የሚረሳው? ተቆርጦ፣ ተተርጉሞ፣ ሳይለማመዱ ተጫውተውት፣ ከዚያ «ደካማ ሥራ ስለሆነ ነው» ይሉናል! ጥርስ ብሩሹን ግን ማንም አልቆረጠውም፤ እርሱ እስከ ዛሬ ሙሉ ነው!

እንግሊዛዊው የኦርኬስትራ መሪ ቶማስ ቢቻም እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ አቀረበው፤ ብሩስተር ከዓመት በፊት ሞቶ ነበርና አላየውም። የፈረንሳይኛው ቅጂ በእንግሊዝ አገር በግላይንድቦርን የኦፔራ መድረክ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ሌላው ኦፔራዋ እ.ኤ.አ. በ1903 በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ከታየ በኋላ፣ ያ ቤት የሴት ደራሲ ኦፔራ ዳግመኛ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2016 መሆኑንም ልብ በሉልኝ።

አዘጋጆቹ ሰዓት የለም ብለውኛል። ስለዚህ ከንግግሬ የተረፈውን ጊዜ ለሁለተኛው ገቢር መግቢያ ሰጥቻለሁ፤ «በኮርንዎል ገደሎች ላይ» ይባላል። ወንድሜ፣ ድምፁን ከፍ አድርግልን።