ከገበያ የጠፉ የጨዋታ መጻሕፍትን አንድ በአንድ እናትም
በማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር፣ ደሴ

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ወላጆች፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከከሚሴ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን ናችሁ። ከወልዲያና ከላሊበላ ሌሊት ተነስታችሁ የደረሳችሁትን ደግሞ በልዩ ሁኔታ አመሰግናለሁ። ሻዩ ትኩስ ነው፣ ቦታም አለ፣ አብሽሩ።

ዛሬ የማነሳው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የመጻሕፍታችን ጉዳይ።

ለእንግዶቻችን በአጭሩ ላስረዳ። እኛ የምንጫወተው የሚና ጨዋታ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ጨዋታ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይጀምራል። ሌሎቹ ራሳቸው የፈጠሩትን ገጸ ባህሪ ሆነው ይመልሳሉ። አንዱ «በሩን ገንጥዬ እገባለሁ» ይላል። ይችላል ወይስ አይችልም? በየፊቱ ቁጥር ያለበት ዳይስ ይጣላል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረው መጽሐፉ ነው። መጽሐፍ የሌለው ቡድን ምሽቱን በክርክር ይጨርሳል።

የኛ መደርደሪያ በ2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ ባዶ ሆነ። ቤት ያስቀመጣችሁትም አብዛኛው ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ለመተካት ስንሞክር ያገኘነው መልስ ተመሳሳይ ነው። «ይህ መጽሐፍ ከታተመ ቆየ፤ አሁን የለም።»

ለምን የለም? የዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የጋሪ ጋይጋክስና የዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ የታተመው 1000 ሳጥን ብቻ ነበር። ሳጥኖቹን ቤት ቁጭ ብለው በእጃቸው ነው ያዘጋጇቸው። በኋላ አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር ትልቅ ድርጅት ሆነ፣ ብዙ መጻሕፍት አወጣ፣ ከዚያም ተዳከመና እ.ኤ.አ. በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለሚባል ሌላ የጨዋታ አሳታሚ ተሸጠ። አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌው መታተም ያቆማል። ትንንሾቹ አሳታሚዎች ደግሞ ሲዘጉ መጻሕፍታቸውም አብረው ይቀራሉ።

ዋናው ምክንያት ኦፍሴት የሚባለው የማተሚያ ቤት ሥራ ባህርይ ነው። ለገጾቹ ፕሌት፣ ማለትም የገጹ መልክ የሚቀረጽበት ሰሌዳ፣ ይሠራል፣ ማሽን ይስተካከላል፣ ቀለም እስኪገጥም ወረቀት ይባክናል። ይህ ወጪ አንድም ኮፒ አተምክ አንድ ሺህ ያው ነው። ሃያ ሰው ብቻ የሚፈልገውን መጽሐፍ በዚህ መንገድ ማንም አያትምም።

በትዕዛዝ ማተም ይህን ቀየረው። ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ዲጂታል ማተሚያው ፕሌት አይፈልግም። አንድ ሰው ሲያዝ አንድ መጽሐፍ ታትሞ፣ ተጠርዞ ይላካል። የአንዱ ዋጋ ከኦፍሴቱ ይበልጣል። ግን መጋዘን የለም፣ የሚበሰብስ ክምችት የለም፣ «አለቀ» የሚባል ነገርም የለም። ድራይቭ ስሩ አርፒጂ የሚባለው የኢንተርኔት መደብር ብዙ የድሮ የሚና ጨዋታ መጻሕፍትን እንዲህ አድርጎ ነው ወደ ሰው እጅ የመለሳቸው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የድሮዎቹ ቀጫጭን የጀብዱ መጻሕፍት ሽፋናቸው ከገጾቹ ይለይ ነበር፤ ካርታው ከሽፋኑ በስተውስጥ ስለሆነ ጨዋታ መሪው ለብቻው አውጥቶ ፊቱ ያቆመዋል። ዳግም ሲታተሙ ሽፋኑ ተጣብቆ ይመጣል። ታጥፎ የሚገባው ትልቅ ካርታ ተቆራርጦ በየገጹ ይበተናል። ሳጥኑማ ጭራሽ ቀርቷል። እኛ ስናትም ካርታውን ለብቻው በአንድ ትልቅ ወረቀት እናውጣው። ይህ ቀላል ነገር ነው፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ከውጭ እናስመጣ ብንልስ? ሞክረነዋል። የመላኪያው፣ የዶላሩና የቀረጡ ነገር ከመጽሐፉ ዋጋ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ እዚሁ እንሥራው ነው የምለው።

አሁን ስለ መጽሐፍ አጠራረዝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነውና። የጨዋታ መጽሐፍ እንደ ልቦለድ አንዴ ተነቦ አይቀመጥም። በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይገለጣል፣ ሲኒ አጠገብ ተዘርግቶ ያመሻል፣ ከእጅ እጅ ይዞራል። በሙጫ ብቻ የተያዘ ጀርባ ይህን አይችልም። ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ገጹ አንድ በአንድ ይረግፋል። ስፓይራል ደህና ይዘረጋል፣ ግን ቀዳዳው እየተቀደደ ዓመት አይዘልቅም።

መልሱ ቅርባችን አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ መጽሐፍ የሚጻፍበት ገዳም ነው። ቁም ጸሐፊ አንድ ሺህ ዳዊት ጽፎ ገዢ አይጠብቅም። ትዕዛዝ ሲመጣ አንድ ይጽፋል። የወሎ መሻይኾች በአማርኛ የደረሱትን መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ያቆዩልን፣ ደረሳውም በእጁ እየገለበጠ ያደረሰልን በዚሁ መንገድ ነው። በትዕዛዝ አንድ በአንድ ማባዛት ለዚህ አገር ሰው አዲስ ሥራ አይደለም።

ስፌቱንም እንመልከተው። የብራና መጽሐፍ ገጾቹን የያዛቸው ክር እንጂ ሙጫ አይደለም። ብራናው በጥራዝ በጥራዝ፣ ማለትም ጥቂት ጥቂት ቅጠል አንድ ላይ እየሆነ፣ ይታጠፋል፤ ጥራዞቹ በሰንሰለት ስፌት እርስ በርስና ከእንጨቱ ገበታ ጋር ይያያዛሉ። በዚህ ምክንያት መጽሐፉ ሲገለጥ ዝርግት ይላል። ለጠረጴዛ ጨዋታ ከዚህ የሚሻል አጠራረዝ አላውቅም። አራት ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ 16 ገጽ ያለው አንድ ጥራዝ ይወጣል። ኤ4 የሚያህለውን ትልቅ መጽሐፍ ደግሞ በኤ3 ወረቀት አትመን እናጥፈዋለን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ወረቀት ቃጫው የሚሄድበት አቅጣጫ አለው። ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር በአንድ አቅጣጫ ካልሄደ ገጹ አልተኛም ይላል። ተቆርጦ የሚሸጠው ኤ4 ቃጫው አብዛኛውን ጊዜ በረጅሙ ጎን ነው፤ ስናጥፈው ይቃወመናል። ትልቁን ወረቀት ገዝተን በምንፈልገው አቅጣጫ ማስቆረጥ ይሻላል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። «ከገበያ ጠፍቷል፣ ኮፒ ቤት ወስደን እናባዛው» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። ግን ከገበያ ጠፋ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። ከእነዚህ መጻሕፍት ደራሲዎች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ማህበራችን ልፋታቸውን በስርቆት እንዲያባዛ አልፈልግም።

ደስ የሚለው፣ በሩ ክፍት የሆነ ብዙ አለ። አዋጁ የሚጠብቀው የተጻፈበትን መንገድ እንጂ ሐሳቡንና አሠራሩን አይደለም። የሌላ አገር ሕግም በዚህ ይስማማል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2006 ኦስሪክ የተባለው መጽሐፍ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የድሮ እትም ደንቦች በራሱ አጻጻፍ አዘጋጅቶ በነፃ ማቅረብ የቻለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ደግሞ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የዚሁ ጨዋታ አምስተኛ እትም መሠረታዊ ደንቦችን፣ ወደ 400 ገጽ የሚሆን ሰነድ፣ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ለሁሉም ክፍት በሆነ ፈቃድ ለቀቀው። ምንጩን እስከጠቀስን ድረስ መተርጎም፣ ማተም፣ መሸጥም ይቻላል። የተሰጠው ፈቃድ ተመልሶ አይነጠቅም።

ከተጫዋቾቻችን መካከል ደንቡን በእንግሊዝኛ እየተቸገሩ የሚያነቡ ልጆች አሉ። ጎበዝ ጨዋታ መሪ መሆን የሚችል ልጅ ለቋንቋው ብሎ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው መጽሐፋችን ይህ ሰነድ በአማርኛ ይሁን። ጽሑፉን እኛው ስለምናሰናዳው በኤ5 መጠን ሊወጣ ይችላል። አንድ አባላችን መሳፍንት ይታሰሩበት በነበረው በአምባ ግሸን ላይ የጻፈውን ጀብዱ አብዛኞቻችሁ ተጫውታችሁታል። እሱም ከጀርባው ይግባ።

ለተቀሩት ደግሞ ደብዳቤ እንጽፋለን። ብዙ ትንንሽ አሳታሚዎች በሶፍት ኮፒያቸው ላይ «ለግል ጥቅም ማተም ይቻላል» ብለው ይጽፋሉ። ያ ካለ፣ ፋይሉን የገዛ አባል የራሱን ኮፒ ያሳትም። ከሌለ እንጠይቅ። ፈቃድ ከመጣ እናትማለን፤ ካልመጣ እንተወዋለን። ፋይል ገዝታችሁ እዚያው መደብሩ ላይ አትተዉት። እ.ኤ.አ. በ2009 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ሶፍት ኮፒዎቹን በሙሉ ከሽያጭ አውጥቷቸው ነበር። የተመለሱት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ያላወረደ ሰው ባዶ እጁን ቀረ።

ከምሳ በኋላ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት መዝገብ ይቀመጣል። በአንዱ የትኛው የድሮ መጽሐፍ ቤታችሁ እንደተረፈ ጻፉልን፤ አንድ ኮፒ እንኳ ቢሆን የት እንዳለ ማወቅ አለብን። በሌላው መተርጎም፣ ማረም ወይም መስፋት የምትችሉ ስማችሁን አስፍሩ። መርፌና ክር ይዛ የምታሳይ እህታችን ከሐይቅ መጥታለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ታስተምራለች።

አሁን የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርቡልን ገንዘብ ያዣችንን እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።