ስታንዳርድ የወጣለት ቋንቋ ምርምሩን እንዴት ይቀጥላል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና የሶፍትዌር ባለሙያዎች፤

የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስታንዳርድ ሲወጣለት ምርምሩ ይታሰራል የሚል ስጋት በሙያችን ውስጥ የቆየ ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ነገር ግን ስታንዳርድን እስከ መተው የሚያደርስ አይደለም። ለዚህ ሃስኬል የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ታሪክ በማስረጃነት አቀርባለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ የተገናኙ ተመራማሪዎች፣ እርስ በርሳቸው እጅግ የሚመሳሰሉ ከደርዘን በላይ ፈንክሽናል ቋንቋዎች (ፕሮግራምን በሒሳብ ፈንክሽኖች መልክ የሚያስጽፉ) መኖራቸው ሥራውን እንደበታተነው ተረድተው አንድ የጋራ ቋንቋ ለማዘጋጀት ተስማሙ። የቋንቋውን ደንቦች የሚዘረዝረው የመጀመሪያው ሪፖርት በ1990 ወጣ። ከዚያ በኋላ ቋንቋው በየጊዜው ተሻሻለ፤ በ1996 የወጣው እትም ለምሳሌ ግብዓትና ውጤት የሚስተናገዱበትን መንገድ ከሥሩ ለውጦታል። ለተመራማሪው ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ለሚጽፍ መምህር ግን ትልቅ ችግር ነበር።

በ1999 ይፋ የሆነው ሃስኬል 98 ችግሩን የፈታበት መንገድ ዛሬም ያስደንቀኛል። ያዘጋጀው ኮሚቴ ቋንቋው ተጠናቀቀ አላለም። ዓመተ ምሕረት የተለጠፈበት አንድ እትም እንዲረጋ፣ የኮምፓይለር (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚለውጥ ፕሮግራም) አዘጋጆችም እሱን መደገፋቸውን እንዳያቋርጡ አደረገ፤ «ሃስኬል» የሚለውን ስም ግን ለሚቀጥለው ምርምር ክፍት አድርጎ ተወው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ፋይል መክፈት ይበቃል። ከስታንዳርዱ ውጭ የሆነ ነገር የሚጠቀም ፕሮግራመር፣ በፋይሉ አናት ላይ «ላንጉጅ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የኤክስቴንሽኑን፣ ማለትም በስታንዳርዱ ላይ የሚጨመረውን ነገር፣ ስም ይጽፋል። ኮዱን የሚያነብ ሰው ከስታንዳርዱ የወጣበትን ነጥብ ገና ከመጀመሪያው መስመር ያውቃል፤ አዲሱን ሐሳብ የፈጠረው ተመራማሪም የማንንም ነባር ፕሮግራም ሳይሰብር ሐሳቡን በእውነተኛ ተጠቃሚዎች ላይ ይፈትነዋል። መንገዱ ወደ ኋላም ይሠራል፦ «ኤን ሲደመር ኬ» የሚባለው አጻጻፍ ሃስኬል 98ን ከተካው ስታንዳርድ፣ ከሃስኬል 2010፣ ሲወጣ፣ የሚፈልገው ሰው በስሙ ጠርቶ እንዲጠቀምበት ጂ.ኤች.ሲ. በተባለው ዋነኛው የሃስኬል ኮምፓይለር ውስጥ ቀርቷል።

ጉድለቱ የታየው ሌላ ቦታ ነው። ከአንድ በላይ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) የሚቀበሉ ክላሶች፣ ማለትም ታይፖች የሚጋሯቸውን ተግባራት የሚደነግጉ መግለጫዎች፣ ለረጅም ዓመታት በሰፊው ሲሠራባቸው ቢቆዩም፣ የታይፖቹን ዝምድና ከሚገልጹት ሁለት ተፎካካሪ መንገዶች አብሯቸው መግባት ያለበት ፈንክሽናል ዲፔንደንሲ ይሁን ወይስ አሶሺየትድ ታይፕ በሚለው ላይ ስምምነት ስላልተደረሰ ከሃስኬል 2010 ውጭ ቀሩ። ምርምር ስታንዳርዱን አልፎ ሄደ፤ የበሰለውን መርጦ የሚመልስ ግን ጠፋ። በ2016 የተቋቋመው አዲስ ኮሚቴም ያሰበውን ሪፖርት ሳያወጣ ቀረ። ጂ.ኤች.ሲ. 2021 የሚባለው የኤክስቴንሽኖች ስብስብ በኮምፓይለሩ ኮሚቴ አባላት ድምፅ ተመርጦ ክፍተቱን በከፊል ቢሞላም፣ የአንድ ኮምፓይለር ምርጫ እንጂ ማንም አንብቦ ሁለተኛ ኮምፓይለር ሊሠራበት የሚችል ሙሉ ሪፖርት አይደለም።

እንዲህ ያለውን ሪፖርት መጻፍ አድካሚ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ደንብ ከሌላው ጋር እንዳይጋጭ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። አዲስ ኤክስቴንሽን የፈጠረ ተመራማሪ ጥናቱን በጉባኤ አቅርቦ ዕውቅና ያገኛል፤ ያንኑ ኤክስቴንሽን ወደ ስታንዳርድ ቋንቋ የሚያስገባ ሰው ግን ለድካሙ ብዙም አይመሰገንም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የስታንዳርድ አርትዖትን እንደ ምርምር ሥራ ቆጥረው ለዕድገት እንዲይዙት፣ ምርምርን የሚደግፉ ተቋማትም ለዚሁ ሥራ ጊዜና በጀት እንዲመድቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።