ኩላሊቱን አትርፎ ዕጢውን ማውጣት፦ ሌዘር እስከ የት ይረዳናል?

የተከበራችሁ ቀዶ ሐኪሞች፣ የአኔስቴዥያ ባለሙያዎችና የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሶች፣

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከቃሊቲ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከሆነና ቦታው ከፈቀደ ኩላሊቱ በሙሉ መውጣት የለበትም። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው አንድ ኩላሊት ሲያጣ ዳያሊሲስ ምን ያህል እንደሚቀርበው ታውቃላችሁ።

አስቸጋሪው ደሙ ነው። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ገደማ ወደ ኩላሊቶች ይሄዳል። ስለዚህ ዋናውን ደም ቅዳ በክላምፕ (በመቆንጠጫ) ይዘን እንቆርጣለን፤ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ካለፈ ግን ኩላሊቱ የመጎዳቱ ስጋት ይጨምራል። ሌዘር እየቆረጠ ትንንሽ ደም ስሮችን ስለሚዘጋ፣ ወደ ውጭ ወጣ ባለ ትንሽ ዕጢ ላይ ክላምፕ ሳንጠቀም ልንሠራ እንችል ይሆናል። ወደ መሃል ለገባ ዕጢ አልመክረውም።

ከሌዘሮቹ ቱሊየም ለዚህ ይስማማል። የሞገድ ርዝመቱ 2 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው፤ ውሃ ቶሎ ስለሚውጠው ብርሃኑ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ አይዘልቅም። ሆልሚየምም እንዲሁ ውሃ ይውጠዋል፤ ግን በምት በምት ስለሚተኩስ ደም ይረጫል።

መጀመሪያ የዕጢውን ድንበር በአልትራሳውንድ አይታችሁ ከዳር ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ደም ቅዳውን ለይታችሁ በሉፕ (በማሰሪያ ክር) ክበቡት፤ ክላምፑ እጃችሁ ሥር ይሁን። ጨረሩን የሚያደርሰውን ፋይበር ጫፍ ሥጋው ውስጥ አትቅበሩት። ደም ከቋጠረ ጨረሩ ደሙን ያፈላል እንጂ ሥጋውን አይቆርጥም፤ ረዳቱ ሳክሽኑን (ደም መምጠጫውን) ከቦታው አያንሳ። ጭሱም በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ስንሠራ፣ ካሜራውን ይጋርዳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌዘሩ የነካው ሥጋ ማረሩ ነው። ዕጢው ብዙ ጊዜ ቢጫ፣ ኩላሊቱ ቀይ ቡኒ ነው፤ ዓይናችን የሚመራው በዚህ ልዩነት ነው። ሁለቱም ሲጠቁሩ ወደ ዕጢው ልትገቡ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ሌዘሩን አቁማችሁ በመቀስ ቀጥሉ። ትልቅ ደም ስርና የተከፈተ የሽንት መተላለፊያ በሌዘር ይዘጋል ብላችሁ አትመኑ፤ ስፉት። ያልተሰፋ ቀዳዳ ኋላ ሽንት ያፈሳል።

መብራት ሊጠፋ ስለሚችል መቀሱም መርፌውም ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ይጠብቁ። ለሞገዱ የተሠራ መነጽር ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያድርግ፤ የተኛው ሕመምተኛም ዓይኑ ይሸፈን።

ናሙናውን ስትልኩ የተቆረጠበትን ፊት በክር ምልክት አድርጉበት፤ ፎርሙ ላይም «በሌዘር የተቆረጠ» ብላችሁ ጻፉ። ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ያረረ ጠርዝ አይቶ ካንሰር ቀርቷል ወይስ አልቀረም ብሎ መወሰን ይከብደዋል።

አመሰግናለሁ።