ከፓርኪንሰን ሕመም «አገገምን» የሚሉ ሰዎችን ታሪክ ስለ መሰብሰብ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልክ የደወሉልን አድማጮች፣ አነጋገራቸው ቢለያይም፣ ያነሱት ጉዳይ አንድ ነበር፤ ከፓርኪንሰን ሕመም አገገምን ወይም ሕመሙ በጣም በዝግታ ሄደልን የሚሉ ሰዎች ጉዳይ። የአየር ሰዓቱ አጭር ስለነበር መልሶቹን በጽሑፍ ሰፋ አድርጌ አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ ፓርኪንሰን አለብሽ ከተባለች አራት ዓመት ሆኗታል። ሕመሙ የቆመላቸው ወይም በዝግታ የሄደላቸው ሰዎችን ታሪክ እየሰበሰብኩ ነው፤ እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አነጋግሬአለሁ። ሥራው ጥቅም አለው? ምን ብዬስ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ጥቅም አለው። ስለዚህ ሕመም ያለን እውቀት ራሱ የጀመረው ሰዎችን አይቶ ታሪካቸውን በመጻፍ ነው። ሕመሙ በስሙ የተጠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው ስድስት ሰዎችን ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ መንገድ ላይ አግኝቶ ያነጋገራቸውና ከሩቅ ብቻ ያየው ይገኙበታል። እርስዎ አሥራ ዘጠኝ ይዘዋል። ዋናው ነገር ከእያንዳንዱ ሰው ምን ምን እንደሚመዘግቡ ነው።

«ምን አድርገው ተሻለዎት?» የሚለውን ጥያቄ ለኋላ ያቆዩት። በቅድሚያ ፓርኪንሰን ነው ያላቸው ማን እንደሆነ፣ የነርቭ ሐኪም መሆኑንና ምን ምልክት አይቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ ሕመም በዋናነት የሚታወቀው ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶና ዳስሶ፣ የእንቅስቃሴ መዘግየትን ከመንቀጥቀጥ ወይም ከጡንቻ መገተር ጋር ሲያገኝ ስለሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሌላ ሕመም ጋር የሚምታታበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ መድኃኒቱንና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ሌቮዶፓ የተባለውን ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጠዋት ክኒኑን ከመዋጡ በፊትና ከዋጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊመስል ይችላል። በመጀመሪያ እንደ ጋሬጣ የገተረው እጅ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ስኒ አንስቶ ሳያፈስ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሰውየው «ደህና ነኝ» ያለዎት የመጨረሻውን ክኒን ከወሰደ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ያ ታሪክ ከሌላው ታሪክ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ከቃል በተጨማሪ እጅ የሚያሳየውን ይሰብስቡ፤ እኔ በጣም የምወደውም ይህን ነው። በዚህ ሕመም የእጅ ጽሑፍ እየደቀቀ፣ ከመስመሩ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ሲሄድም እየጠበበ ይመጣል። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይምረጡና እያንዳንዱ ሰው መስመር በሌለው ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ እንዲጽፈው ያድርጉ፤ ከሥሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመጨረሻውን ክኒን የወሰደበትን ሰዓት ያስፍሩ፤ ከሦስት ወር በኋላም በዚያው ሰዓት ይድገሙት። ሸሚዝ ለመቆለፍ የሚፈጀውን ሴኮንድ መቁጠርም እንዲሁ ጠቃሚ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት አራት ወይም አምስት ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ሰው በትውስታው ከሚነግረን በላይ ይናገራል።

ሌላው አብዛኛው ሰብሳቢ የሚረሳው ነገር፣ ያንኑ አድርገው ያልተሻላቸውን ሰዎች መፈለግ ነው። የተሻለው ሰው ደስታውን ለሁሉ ይናገራል፤ የባሰበት ደግሞ ዝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። አንድ ዱቄት ወስደው አምስት ሰዎች ተሻለን ቢሉና ወስደው ያልተሻላቸው ሃምሳ ሰዎች ሳይጠየቁ ቢቀሩ፣ መዝገቡ ሳያውቅ ያሳስታል። ለምሳሌ ክሪያቲን የተባለው ንጥረ ነገር በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጥቶ ስለነበር በ1,741 ሕመምተኞች ላይ ለዓመታት ከተፈተነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት ከማስመሰያ መድኃኒት (መድኃኒት ከሚመስል ግን ፈዋሽ ነገር ከሌለበት ክኒን ወይም ዱቄት) የተሻለ ነገር እንዳላደረገ አሳይቷል። ማስመሰያው ራሱም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት፣ መድኃኒት እየወሰዱ እንደሆነ አምነው ማስመሰያ የተሰጣቸው ሕመምተኞች አንጎል በርግጥ ዶፓሚን፣ ማለትም በዚህ ሕመም የሚጎድለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዘውን የአንጎል ኬሚካል፣ እንደሚያመነጭ አሳይቷል። ስለዚህ «ተሻለኝ» የሚለው ሰው እየዋሸ አይደለም፤ ነገር ግን ያሻለው ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ሰሞን የቀየረውን ሁሉ፣ ማለትም መድኃኒት፣ እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴና ምግብ፣ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ አጎቴ ፓርኪንሰን አለብዎት ተብለው ነበር፤ ዛሬ ግን ምንም የለባቸውም። ታዲያ ሕመሙ አይድንም የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እስከ ዛሬ ድረስ ፓርኪንሰንን እንደሚያድን ወይም ግስጋሴውን እንደሚያቆም የተረጋገጠ ሕክምና የለም። የአጎትዎን መዳን ግን አልጠራጠርም፤ የምጠራጠረው የሕመሙን ስም ነው። ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል፣ ለማዞር የሚሰጠው ሲናሪዚን የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግዱ ፓርኪንሰንን በጣም የሚመስል መልክ ያመጣሉ፤ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲቆም ምልክቱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። አጎትዎ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ወራት ምን ይወስዱ እንደነበር የድሮ የመድኃኒት ወረቀቶቻቸውን አገላብጠው ይዩ። እንዲህ ያለው ታሪክ የሌሎችን ሐኪሞች ዓይን ስለሚከፍት መመዝገብ አለበት፤ መቀመጥ ያለበት ግን ለብቻው በተለየ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ከጀመረኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ አሁንም ሥራዬን እሠራለሁ። በየቀኑ በፍጥነት ስለምራመድ ይሆን?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ፓርኪንሰን በሁሉም ሰው ላይ በአንድ ፍጥነት አይሄድም። በአነስተኛ ዕድሜ የጀመራቸውና መንቀጥቀጥ የጎላባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ በዝግታ ይሄድላቸዋል፤ ጂቢኤ በተባለው ዘረመል (ከወላጅ በሚወረስ የሰውነት መመሪያ) ላይ ለውጥ ያለባቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይፈጥንባቸዋል። ስለዚህ ያለ ምንም ጥረትም ዝግ ሊልልዎት ይችል ነበር። እርምጃዎ ግን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት መድኃኒት ገና ያልጀመሩ 128 ሕመምተኞች በሦስት ቡድን ተከፍለው ነበር፤ የልብ ምታቸው ከከፍተኛው ከ80 እስከ 85 በመቶ እስኪደርስ በመሮጫ ማሽን ላይ የሠሩት፣ በስድስት ወር ውስጥ የእንቅስቃሴ ነጥባቸው (የምልክቶቹን ክብደት የሚለካው፣ ሲጨምር መባባስን የሚያሳየው ነጥብ) የተባባሰው በአማካይ በ0.3 ሲሆን፣ የተለመደውን ኑሮ የቀጠሉት ግን በ3.2 ተባብሶባቸዋል። ጥናቱ አነስተኛ ስለነበር የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሆኖም ልብዎና ሚዛንዎ እስከፈቀዱልዎ ድረስ ከሐኪምዎ ጋር ተማክረው እርምጃዎን ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ አንዱ ክኒኑን ትቶ ተሻለኝ ሲል ሰማሁ። እኔም ልተው?

መልስ፦ አይተዉ፤ በድንገት በፍጹም። ሌቮዶፓን ባንድ ጊዜ ማቋረጥ ከባድ ትኩሳት፣ የሰውነት መገተርና መቃዠት ሊያስከትል፣ ሕይወትንም ሊቀጥፍ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ የመድኃኒቱ ጥቅም ከተቋረጠ በኋላ በከፊል ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ሰውየው ያለ ክኒን ደህና የሆነ ይመስለዋል። ከወር በኋላ እንዴት እንደሆነ ጠይቀውታል?

ጥያቄ፦ ታሪኬን ልሰጥ እፈልጋለሁ፤ ግን የዛሬ ዓመት ቢብስብኝ ውሸታም እንዳልባል እፈራለሁ።

መልስ፦ ይህን ፍርሃት ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ይኖራል፤ ስለተናገሩት አመሰግናለሁ። ታሪክዎን ሲሰጡ «በዚህ ቀን፣ በዚህ መድኃኒት፣ እንዲህ ነበርኩ» ብለው ያስጽፉ፤ ያ ቃል የዛሬ ዓመት ቢብስብዎትም እውነት ሆኖ ይቆያል። ከዚያም ለሚጽፈው ሰው «በየዓመቱ በዚህ ወር ደውልልኝ» ይበሉት። ሲደውልም የባሰብዎትን ሳይሸሽጉ ይንገሩት፤ በመጀመሪያይቱ ጠያቂያችን ደብተር ውስጥ ካሉት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሚጎድላቸው ይህ ሁለተኛው የስልክ ጥሪ ሳይሆን አይቀርም።